የሹፌሩ መታሰር ካሳ አይደለም

በአገራችን የአውቶቡስ አደጋ ዜና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አጨራረስ አለው። የሟቾቹ ቁጥር ይነገራል፤ ከባድና ቀላል ጉዳት የደረሰባቸው ተለይተው ወደ ቅርብ ሆስፒታል መወሰዳቸው ይገለጻል፤ የትራፊክ ፖሊስ ኃላፊው መንስኤው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር መሆኑን ያስረዳሉ፤ ከዚያም «አሽከርካሪው በቁጥጥር ሥር ውሎ ምርመራ እየተጣራበት ነው» ተብሎ ዜናው ይዘጋል። የአውቶቡሱ ባለቤት ማን እንደሆነ፣ መድን የሰጠው ኩባንያ የትኛው እንደሆነ፣ እግሯ የተቆረጠው ተማሪ ማንን መጠየቅ እንደምትችል የሚናገር የአደጋ ዜና ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጋዜጠኛው የሚነግረን እኛው የምናምነውን ነው። እምነታችን ይህ ነው፦ አደጋ ማለት የሹፌር ጥፋት ነው፤ ሹፌሩ ከታሰረ ፍትሕ ተፈጽሟል፤ ከዚያ የተረፈው የሽማግሌና የእግዚአብሔር ጉዳይ ነው። ይህን ከመናኸሪያ እስከ ፍርድ ቤት ግቢ ትሰሙታላችሁ፤ የተማረውም ያልተማረውም ይጋራዋል። እኔ ይህ እምነት በሕግም በሕሊናም ስህተት ነው እላለሁ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዓይናችን ሹፌሩ ላይ ሲተከል ዋናው ባለዕዳ ከፊታችን ተነሥቶ መሄዱ ነው።

ከሕጉ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ሕጉ የእሱን እምነት የሚደግፍ ይመስለዋልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። መኪናውን ይነዳ የነበረው ሰው ለመንዳት ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይወጣም። እኔ ምንም አላጠፋሁም፣ ፍሬኑ በድንገት እምቢ አለ፣ የአደጋው ምክንያት አልታወቀም ማለት አያድነውም። የሚያድነው መኪናው በዚያን ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበር ወይም ጉዳቱ የመጣው በተጎጂው በራሱ ጥፋት መሆኑን ማስረዳት ነው። ከገበያ ሲመለስ መንገድ ዳር አውቶቡስ የገጨው ገበሬ የሹፌሩን ፍጥነት እንዲለካ፣ የፍሬኑን ሁኔታ እንዲያስረዳ አይጠበቅበትም። የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሊብሬው በማን ስም ነው?

ቲኬት ቆርጦ የተሳፈረው ሰው ደግሞ ከአጓዡ ጋር ውል አለው። ውሉ ከአውቶቡስ ተራ አንሥቶ የሚሄድበት ከተማ በደኅና ማድረስ ነው። ካልደረሰ ውሉ አልተፈጸመም። ያ ቁራጭ ወረቀት፣ ብዙዎቻችን መቀመጫችንን ካገኘን በኋላ ጨምድደን የምንጥለው፣ በሕግ ዓይን ከባለ አውቶቡሱ ጋር ያስተሳሰረን ሰነድ ነው። ሹፌሩ በዚህ ውል ውስጥ ተዋዋይ ሆኖ አልገባም፤ የተዋዋዩ ሠራተኛ ነው።

ይህ ሐሳብ ከውጭ የተቀዳ የጠበቆች ብልኀት የሚመስለው ካለ የአገሩን ገበሬ ይጠይቅ። ከብት የሰው ሰብል ገብቶ ቢበላ ሽማግሌ የሚጠራው ባለ ከብቱን ነው። እረኛው ልጅ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ይገረፍም ይሆናል፤ ሰብሉን የሚተካው ግን የከብቱ ጌታ ነው። እረኛውን ገርፈን ጨርሰናል፣ አንተ በረሃብህ ኑር ብሎ ባለ ማሳውን የሚያሰናብት ሽማግሌ በየትኛውም ቀበሌ ሁለተኛ አይጠራም። መኪና ላይ ስንደርስ ይህን የጠራ ፍርድ የት እንደጣልነው አይገባኝም።

ሹፌሩን ነፃ ለማውጣት አይደለም የምጽፈው። ጫት ቅሞ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓባይ በረሃ ላይ ቁልቁለቱን በባዶ ማርሽ የሚወርድ ሰው ይጠየቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ ደንብ እየጣሰ ብዙ ሰው የገደለ ከሆነም ቅጣቱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ይቀጣ። ነገር ግን የዚያን ቀን ፍጥነት የወሰነው ሹፌሩ ብቻ ነበር? በቀን ስንት ምልልስ እንደሚሠራ የሚወስነው፣ ያለቀ ጎማ አንድ ወር ይሂድበት የሚለው፣ ዕለታዊ ገቢ ቆርጦ የሚቀበለው፣ ረዳቱ መተላለፊያው ላይ በርጩማ እየደረደረ ትርፍ ሰው ሲጭን ትርፉን የሚካፈለው ማን ነው? ሹፌሩ በፍጥነት ከሄደ ፈጥኖ በመድረስ ማን ይጠቀማል? ሕጉ ኃላፊነቱን ባለቤቱ ላይ የጣለው ሀብታም ስለሚጠላ አይደለም። ከመንገዱ ጥቅም የሚያገኘው፣ አደጋውንም አስቀድሞ ሊከላከል የሚችለው እሱ ስለሆነ ነው። ባለቤቱን ሳይነካ ሹፌር ብቻ የሚያስር አገር በማግስቱ በዚያው መስመር ላይ ሌላ ሹፌር በዚያው ባለቀ ጎማ ሲወጣ ያያል።

አሁን ደግሞ የወንጀሉ ችሎት ለተጎጂዋ ምን እንደሚሰጣት እንመልከት። ሹፌሩ ጠበቃ ለማቆም አቅም ከሌለውና በዚህ ምክንያት ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ከሆነ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ተገቢ ነው፤ ነፃነቱ አደጋ ላይ ነውና። እሷስ? እሷ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ናት። በክራንች ትመጣለች፤ የት እንደተቀመጠች፣ አውቶቡሱ ስንት ጊዜ እንደተገለበጠ ትጠየቃለች፤ ከዚያ «ጨርሰሻል፣ መሄድ ትችያለሽ» ትባላለች። በዚያው የወንጀል መዝገብ ካሳ መጠየቅ እንደምትችል፣ የወንጀል ሕጉም የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉም ይህን እንደሚፈቅዱላት የሚነግራት የለም። ሹፌሩ አምስት ዓመት ሲፈረድበት ቤተሰቡ «እሰይ» ይላል። በነጋታው የፕሮቴዝ ዋጋ ለመጠየቅ የሄደው ወንድሟ ግን የአምስት ዓመቱ እስራት ለሰው ሠራሽ እግር አንድ ሳንቲም እንደማያዋጣ ይረዳል። እስር ቤት ያለ ሹፌር ገቢ የለውም፤ ውጭ በነበረበት ጊዜም የሚወረስ ቤት አልነበረውም።

ፍርዱ በተቃራኒው የወጣ እንደሆነ ነገሩ ይብሳል። ሹፌሩ በነፃ ተሰናበተ ሲባል ተጎጂው ሁሉ ነገር ያከተመ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 በካሳ ክርክር ላይ ያለው ዳኛ በወንጀል ችሎት ነፃ የመባል ውሳኔ እንደማይገዛ በግልጽ ያስቀምጣል። የወንጀል ዳኛው የሚመረምረው ይህ ሰው ይቀጣ ወይስ አይቀጣ የሚለውን ነው። የካሳው ጥያቄ የተጎዳው አካልና የጠፋው ገቢ የማን ዕዳ ነው የሚል ነው። ሹፌሩ ከሁሉም ጥፋት ነፃ ሆኖ ባለቤቱ ግን ሙሉ በሙሉ ተጠያቂ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ሕጉ ጥፋትን ሳይጠይቅ ኃላፊነት የጣለው ለዚህ ነው።

ወደ ሽምግልናው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው እንደሚቆጣኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቃሌን መርጬ እናገራለሁ።

ሽማግሌ የሚመጣው ቁስሉ ሳይደርቅ ነው። ተጎጂው ሆስፒታል ተኝቷል፤ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ገና አልተሠራም፤ አጥንቱ ይገጥም አይገጥም፣ ዓይኑ ያይ አያይ ሐኪሙም አያውቅም። የተከበሩ አባቶች፣ አንዳንዴ ቄስ፣ አንዳንዴ ሼህ፣ የሹፌሩን ሽማግሌ አባት ይዘው ይገባሉ። «ልጄ፣ ሆን ብሎ ያደረገው አይደለም፤ አምላክ ያመጣው ነው፤ እሱም የልጆች አባት ነው» ይላሉ። ለመድኃኒት የሚሆን ገንዘብ አልጋው ራስጌ ይቀመጣል። ገንዘቡ ብዙውን ጊዜ የባለቤቱ ነው፤ እሱ ግን አልመጣም። ከዚያ ወረቀት ይወጣል። ወረቀቱ «በአደጋው ምክንያት ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥያቄ የለኝም፤ በእርቅ ጨርሰናል» ይላል። ሽማግሌዎቹ በቅን ልቡና ይፈርማሉ፤ ተጎጂውም ይፈርማል ወይም ጣቱን ያትማል።

ያ ወረቀት ምን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ ካሉት የሚያውቀው አንድ ሰው ቢኖር ወረቀቱን ያረቀቀው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የግልግል ስምምነትን በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጥረዋል፤ አንቀጽ 3312ን ማንበብ ይበቃል። ለሁለት ሳምንት መድኃኒት የተቀበለ ሰው የዕድሜ ልክ መብቱን በዚያች ቅጽበት ፈርሞ ሰጠ ማለት ነው። ከስድስት ወር በኋላ ቁስሉ አመርቅዞ እግሩ ሲቆረጥ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ይዞ የሚቀርበው ያንኑ ወረቀት ነው። ሹፌሩም ቅጣቱ እንዲቀልለት ያቀርበዋል። ከዚህ ሁሉ ተጎጂው ምን አተረፈ?

ባህላችን ይህ ነው የሚሉኝ አሉ። አይደለም። የኦሮሞ ጉማ ሥርዓት ደም የፈሰሰበትን ወገን ባዶ እጁን አይመልስም፤ ካሳው ተቆጥሮ፣ ተከፍሎ ነው ነገሩ የሚዘጋው። በሰሜኑም የደም እርቅ ካሳና ዋስ አለው። አባቶቻችን ካሳ መጠየቅን ነውር አላሉትም፤ ካሳ ያልተከፈለበትን እርቅ ነው እርቅ ያላሉት። የዛሬው የሆስፒታል ራስጌ ሽምግልና ከዚያ ሥርዓት የወሰደው ልመናውን ብቻ ነው። ጉዳቱን መዝኖ የሚተምነውን፣ ከፋዩን ዋስ የሚያስጠራውን፣ እስኪከፈል የሚጠብቀውን ክፍል ትቶታል። በጥንቱ ልማድ ባለ ከብቱ ቀርቦ ይጠየቅ ነበር፤ በአሁኑ ግን ባለ አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ሳይነሣ ነገሩ ያልቅለታል። ሽማግሌዎቻችን ይህን ሲያውቁ ራሳቸው የሚያዝኑበት ይመስለኛል።

«ተርፈሃል፣ አመስግን» የሚለውም አለ። ተጎጂው ያመሰግናል፤ እምነቱን ማንም አያስተምረውም። ለአምላክ ማመስገንና ዕዳን መጠየቅ በአንድ አፍ ይቻላል። መጋቢት 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ ገደል የገባው አውቶቡስ 38 ሰው ገደለ፤ አብዛኞቹ ተማሪዎች ነበሩ። 38 የሚለውን ቁጥር እናስታውሳለን። የቆሰሉት ስንት እንደሆኑ ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ሟች ይለቀስለታል፣ ተዝካር ይወጣለታል። የአከርካሪ አጥንቱ የተሰበረ የ22 ዓመት ልጅ ግን የሚቀጥሉትን 40 ዓመታት በእናቱ ጉልበት ይገላበጣል፤ ለእሱ የቀረው ቃል «ተርፈሃል» የሚል ነው። የሕግ እርዳታ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ይህ በሕይወት የተረፈው ሰው ነው።

ከተቃዋሚዎቼ ሁሉ ጠንካራ መከራከሪያ ያለው «ተካስሰህስ ምን ታገኛለህ?» የሚለው ነው። ይህን የሚሉት ሕጉን የማያውቁ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ጠበቆች ናቸው። እውነት አላቸው፤ እውነታቸውን ሳልሸሽግ አቀርበዋለሁ።

የ1952ቱ የንግድ ሕግ አጓዡ ለአንድ ተሳፋሪ የሚኖርበትን ኃላፊነት በ40,000 ብር ይገድበዋል። ሕጉ ሲወጣ አንድ የአሜሪካ ዶላር 2 ብር ከ50 ሳንቲም ገደማ ነበር። 40,000 ብር ማለት ወደ 16,000 ዶላር ነው፤ በዚያ ዘመን ቤተሰብ የሚያቋቁም ሀብት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ ያው 40,000 ብር አሁን 400 ዶላር አይሞላም። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ሲወጣ ስለ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የሚናገሩት ክፍሎች ታደሱ፤ ስለ ማጓጓዝና ስለ መድን የሚናገረው ሦስተኛው መጽሐፍ ግን እንዳለ ቀረ። ለኩባንያው አዲስ ሕግ፣ ለተሳፋሪው የ1952ቱ።

የዚህ ገደብ ውጤት አእምሮ የሚያሳምም ነው። አንድ አውቶቡስ ከመንገድ ወጥቶ ዳር የቆመ ሰው ገጭቶ ገደል ገባ እንበል። ዳር የቆመው ሰው በአንቀጽ 2081 ይጠይቃል፤ እዚያ የ40,000 ብር ጣሪያ የለም፤ ካሳው በደረሰበት ጉዳት ልክ ይሰላል። ከውስጥ የነበረችው፣ ገንዘቧን ከፍላ ሕይወቷን በአደራ የሰጠችው ተሳፋሪ ግን ጣሪያው ይጠብቃታል። አንድ መኪና፣ አንድ አደጋ፣ አንድ ዓይነት የተሰበረ እግር፤ የከፈለው ሰው ካልከፈለው ያነሰ ያገኛል። ለሕሊና ጉዳት ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር በላይ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ልጇን ከአጠገቧ ያጣች እናት ሐዘኗ በሕግ 1,000 ብር ነው። አዋጅ ቁጥር 799/2005 የሦስተኛ ወገን መድንን ሲደነግግም ለሰው ሕይወት የ40,000 ብር፣ ለንብረት የ100,000 ብር ጣሪያ ይዞ ነበር የወጣው። መኪና የገጨው አጥር ከተገጨው ሰው እንዲበልጥ የሚያደርግ ስሌት ሲጸድቅ በአዳራሹ ማን ተቃወመ?

ይህ ሁሉ ግን «ተወው» የሚለውን ምክር አያጸናም። ጣሪያው ሁልጊዜ አይሠራም፤ አጓዡ ወይም ሠራተኛው ጉዳት ሊደርስ እንደሚችል እያወቀ ያደረገው ነገር ከሆነ ከገደቡ ሥር መጠለል አይችልም። እዚህ ላይ ነው የጠበቃ ጥቅም የሚታየው። ፍሬኑ ችግር እንዳለበት ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ረዳቱ ለሹፌሩ ሲነግረው የሰማ ተሳፋሪ አለ? ከመቀመጫው ልክ በላይ ስንት ሰው ተጭኖ ነበር? የመጨረሻው የቴክኒክ ምርመራ መቼ ተደረገ፣ ቦሎው የታደሰ ነበር? እነዚህን ጥያቄዎች የወንጀል መርማሪው ካልጠየቀ ማንም አይጠይቃቸውም፤ መርማሪው ደግሞ ሹፌሩን ጥፋተኛ ለማድረግ የሚበቃውን ካገኘ በኋላ ወደ ባለቤቱ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ተጎጂ ሁሉ «ምን አገኛለሁ» ብሎ ሲቀር ዳኞቻችን ይህን የሕግ ክፍል የሚያፍታቱበት መዝገብ አይቀርብላቸውም፤ ሕግ አውጪውም 40,000 ብር ስድብ መሆኑን የሚያይበት የፍርድ ክምችት አይኖርም። ዝምታችን ጣሪያውን ከ60 ዓመታት በላይ አቆየው።

የጉዳት መጠንም ብዙዎች እንደሚያስቡት የደመወዝ ወረቀት ላለው ብቻ አይሰላም። ጉልት የምትቸረችር፣ ሸማ የሚሠራ፣ በቀን ሥራ የሚያድር ሰው «ገቢዬን በምን አስረዳለሁ» ብሎ ይተወዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2102 ትክክለኛው መጠን ሊረጋገጥ ካልቻለ ዳኛው በርትዕ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። የጎረቤት ምስክርነት፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የዕቁብ ጸሐፊው ቃል ሁሉ ማስረጃ ነው። ከሐኪሞች ቦርድ የአካል ጉዳቱ በመቶኛ የተገለጸበት ወረቀት ካለ ደግሞ ዳኛው የሚነሣበት መሠረት አለው። ሟች ከሆነም የትዳር ጓደኛው፣ ልጆቹና ወላጆቹ ቀለብ የተቋረጠባቸው ባለመብቶች ናቸው።

«ባለ አውቶቡሱም እኮ ምስኪን ነው፤ በብድር የገዛት አንድ መኪና ናት፤ ገደል ስትገባ እሱም ከስሯል» የሚልም አለ። ይህን ሰው አልንቀውም፤ ብዙው የአገራችን ባለ መኪና ይኸው ነው። ግን የግዴታ መድን የተደነገገው ለማን ሆነና? አደጋው የአንድን ሰው ትከሻ እንዳይሰብር በሺህ በሚቆጠሩ ባለ መኪኖች ላይ፣ በመጨረሻም በያንዳንዳችን ቲኬት ላይ እንዲበተን ነው። ባለቤቱ በቂ መድን ከገባ የሚከፍለው ኩባንያው ነው፤ ካልገባ ደግሞ ተሳፋሪ ሊጭን አይገባም ነበር። መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና ለተጎዳ ሰው እንኳ ሕጉ የመድን ፈንድ አቋቁሟል። የምስኪኑን ባለቤት ኪሳራ ከእሱ የባሰች ምስኪን፣ እግሯን ያጣች ልጅ፣ በዝምታዋ ትክፈልለት የሚል ፍርድ ከየት መጣ?

ጊዜ ማለፉን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ብዙ መብት የሚሞተው እዚህ ነውና። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ መጠየቂያው ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ ረጅሙ ይሠራል፤ ነገር ግን በዚህ ተማምኖ መቀመጥ አይገባም። የወንጀሉ መዝገብ እስኪዘጋ፣ ይግባኙ እስኪያልቅ፣ ሽማግሌው እስኪመለስ እያለ የተቀመጠ ሰው ምስክሮቹ ተበትነው፣ መኪናው በውክልና ለሦስተኛ ሰው ተሸጦ፣ ባለቤት የሚባለው ከሊብሬው ስም ጋር ሳይገናኝ ይጠብቀዋል።

ሌላም የተረሳ ነገር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሪፖርት ከኢትዮጵያ በይፋ የተመዘገበው የመንገድ ሟች ከ4,000 ጥቂት የበለጠ ሲሆን የድርጅቱ ግምት ግን ከ27,000 በላይ ነበር። በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለውን ርቀት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ይከራከሩበት። ለእኔ ግን እያንዳንዱ ያልተመዘገበ ሰው የፖሊስ ሪፖርት የሌለው፣ ስለዚህም መድን ኩባንያ ፊት ባዶ እጁን የሚቆም ቤተሰብ ነው። ከሆስፒታል አልጋው ላይ ከሁለት ወር በኋላ የሞተ ተሳፋሪ በአደጋው መዝገብ ላይ «ከባድ ጉዳት» ተብሎ ቀርቶ ይሆናል፤ ያን ቃል ማስተካከል የቤተሰቡ መብት ነው፤ ማንም ግን አይነግራቸውም።

ስለዚህ የምጠይቀው ግልጽ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የአደጋ ሪፖርት የባለቤቱን ስምና የመድን ኩባንያውን ለያንዳንዱ ተጎጂ በጽሑፍ ይስጥ፤ ተጎጂው ደጅ እየጠና የሚለምነው ሰነድ አይሁን። ዐቃቤ ሕግ በመንገድ ትራፊክ ክስ ሁሉ ተጎጂውን በዚያው መዝገብ ካሳ ይጠይቅ እንደሆነ ይጠይቀው። የዩኒቨርሲቲ የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠረጴዛቸውን ከፍርድ ቤት ደጃፍ በተጨማሪ ወደ አጥንት ሕክምና ክፍሎች ያስጠጉ፤ ጠበቆችም ለድሃ በነፃ የሚያገለግሉበትን ሰዓት እዚያ ያውሉት። ገንዘብ የሌለው ከሳሽ በደሃ ደንብ የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል መክሰስ እንደሚችል በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ይለጠፍ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም የ40,000 ብሩንና የ1,000 ብሩን ገደብ ያንሣ፤ ተሳፋሪና እግረኛ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ። የመድን ኩባንያዎች ዓረቦን ይጨምራል ይሉ ይሆናል። ይጨምር። አሁንም እየተከፈለ ነው፤ የሚከፍሉት የተጎጂ እናቶች ስለሆኑ ብቻ ዓረቦን አንለውም።

እስከዚያው ድረስ የሆስፒታል አልጋ አጠገብ ለምትቀመጡ ወንድሞችና እህቶች አንድ ነገር እላለሁ። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ተቀበሏቸው፣ አክብሯቸው፤ ሹፌሩን ይቅር ማለት ከፈለጋችሁ ይቅር በሉ። የሚቀርበውን ወረቀት ግን ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ቤት ወስዳችሁ ለሚያውቅ ሰው አስነብቡ። የግድ በዚያው ቀን ይፈረም ከተባለ ሽማግሌዎቹ ፊት ይህ ቃል በእጅ ጽሑፍ ይጨመር፦ «የተሰጠን ገንዘብ ለጊዜያዊ ሕክምና ነው፤ ይቅርታው ሹፌሩን ብቻ የሚመለከት ነው፤ ከአውቶቡሱ ባለቤትና ከመድን ኩባንያው ካሳ የመጠየቅ መብታችን እንደተጠበቀ ነው።» ባለቤቱ ይህን ቃል አልቀበልም ካለ ወረቀቱን አትፈርሙ።